ለሩሲያውያን የልደት ድግስ የቱን ጣፋጭ? ሜዶቪክ፣ ናፖሌዎን፣ የወፍ ወተት ወይስ ከረሜላ በኪሎ

የሩሲያ ሱቅ ገብቶ የቶርታ ፍሪጅ ፊት የቆመ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ሁሉም ክብ ነው፣ ሁሉም ቡናማ ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ አይነበብም። ሞስኮ የሚማር ልጅ፣ እስራኤል አሽዶድ ከተማ ውስጥ ከሩሲያ የመጡ ጎረቤቶች ያሉት ቤተሰብ፣ ሩሲያዊት ያገባ ሰው፣ ሁሉም ልደት ተጠርተው ይሄው ጥያቄ ይገጥማቸዋል። የቱን ልውሰድ? ልግዛ ወይስ ልሥራ?

እዚህ የፋብሪካ ስም አላወዳድርም። የማወዳድረው የጣፋጩን ዓይነት ነው። አንዱን ሜዶቪክ ከሌላው የሚለየው ትኩስነቱ እንጂ ካርቶኑ አይደለም።

መጀመሪያ፦ ጋባዥ ናችሁ ወይስ ተጋባዥ?

ሩሲያ ውስጥ ልደቱ የሆነው ሰው ራሱ ነው የሚጋብዘው። ቢሮ ውስጥ ባልደረቦቹ ቶርታ ገዝተው አይጠብቁትም። እሱ ገዝቶ ይመጣል፣ ሻይ ያፈላል፣ "ኑ" ይላል። ልጅ ከሆነም ወላጆቹ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ ከረሜላ ይልካሉ። ስለዚህ ልደቱ የእናንተ ከሆነና ሥራ ቦታችሁ ሩሲያውያን ካሉ፣ ባዶ እጃችሁን ገብታችሁ ቶርታ ብትጠብቁ ማንም አያመጣላችሁም።

እንግዳ ከሆናችሁ ግን ዋናው ቶርታ ቤቱ ውስጥ አለ። የእናንተ ድርሻ ስጦታ፣ አበባና ለሻይ የሚሆን ትንሽ ነገር ነው። ሁለተኛ ትልቅ ቶርታ ይዞ መሄድ ነውር አይደለም፤ ግን ፍሪጁ በሰላጣ ሳህን ተሞልቶ ስለሚጠብቃችሁ ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከምርጫው በፊት መታወቅ ያለባቸው ጥቂት ልማዶች አሉ። ከቀኑ በፊት ልደት አይከበርም፣ "እንኳን አደረሰህ"ም አይባልም፤ ገድ ያበላሻል ተብሎ ይታመናል። ልደቱ ረቡዕ ቢውል ድግሱ የሚዛወረው ወደ ቀጣዩ ቅዳሜ እንጂ ወዳለፈው አይደለም። የአበባው ቁጥር ጎዶሎ ይሁን፦ 3፣ 5፣ 7። ጥንድ ቁጥር ለቀብር ነው። ቢላዋ በስጦታ አይሰጥም። ከተሰጠም ተቀባዩ ሳንቲም ከፍሎ እንደገዛው ያስመስላል። ወንድ ልጅ 40 ሲሞላው ብዙዎች ድግስ አያደርጉም፤ "የ40 ዓመት ቶርታ" ብላችሁ አስጽፋችሁ እንዳትሄዱ። 50 እና 60 ግን ትልቅ በዓል ናቸው። የልደተኛውን ጆሮ በዕድሜው ቁጥር ልክ ሲጎትቱት ብታዩ ደግሞ ጠብ አይደለም፣ ጨዋታ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛው መለኪያ ትዕግሥት ነው። የሩሲያ ገበታ ረጅም ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛው ይቀርባል፦ ኦሊቪዬ የሚባለው የድንችና የማዮኔዝ ሰላጣ፣ ከቀይ ሥር ጋር የተነባበረ የጨው ዓሣ፣ ኮምጣጣ ኪያር። ቀጥሎ ትኩሱ ምግብ ይመጣል። በየመሃሉ መልካም ምኞት እየተነገረ ብርጭቆ ይነሳል። ቶርታና ሻይ የሚመጣው ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ማን ሳይቀልጥ፣ ሳይደርቅ ይቆያል?

ሁለተኛው፣ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ጠግቧል። ከባድ ክሬም ያለው ቶርታ ሳህን ላይ ይቀራል።

ሦስተኛው ማን ይበላዋል የሚለው ነው። የሩሲያ ኦርቶዶክስም እንደኛው ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ ወተትና እንቁላል አይበላም። ጾመኛ እንግዳ ካለ፣ ወይም እናንተው ከጾማችሁ ምርጫው ይጠባል። ሙስሊም እንግዳ ካለ ጄላቲን (ከእንስሳ የሚወጣ ማርጊያ) እና አልኮል ይታያል። ኮሸር የሚባለውን የአይሁድ የምግብ ሕግ የሚጠብቅ ቤት ከሆነ ሥጋ ከተበላ በኋላ የወተት ቶርታ አይቀርብም።

የቀሩት ግልጽ ናቸው፦ ድካሙ፣ ወጪው፣ ለመከፋፈል መመቸቱ።

ሜዶቪክ

የማር ቶርታ ነው። የቱን እንደምመርጥ ብጠየቅ፣ ሌላ ምንም ሳይነገረኝ የምመልሰው ይሄን ነው።

የሚሠራው ከስስ የማር ቂጣዎችና ስሜታና ከሚባለው ወፍራም ኮምጣጣ ክሬም ነው። ማሩ፣ ስኳሩና ቅቤው በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ይቀልጣሉ። ቤኪንግ ሶዳ ሲገባበት ድብልቁ አረፋ ሠርቶ ይነሳል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይሄዳል። የተመታ እንቁላል ቀስ እየተባለ ይገባል፣ ፉርኖ ዱቄት ይከተላል። ሊጡ ስምንት ቦታ ያህል ይከፈልና ሞቅ እንዳለ ይዳመጣል፤ ከቀዘቀዘ ይሰነጣጠቃል። እያንዳንዱ ቂጣ ኦቨን ውስጥ የሚቆየው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ሲወጣ ለስላሳ ነው፣ ወዲያው ግን ይደርቃል። ጠርዙን በሳህን ለክቶ መቁረጥ የሚቻለው በዚያች አፍታ ነው። ቁርጥራጩ አይጣልም፣ ተፈጭቶ ቶርታው ላይ ይነሰነሳል።

ከዚያ በየመሃሉ ክሬም ተቀብቶ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ማደሩ ግዴታ ነው። ሌሊቱን የደረቀው ቂጣ ክሬሙን ጠጥቶ ይለሰልሳል። በዚያው ቀን የተሠራ ሜዶቪክ ጥርስ ይፈትናል።

ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ከድግሱ አንድ ቀን ቀድማችሁ ጨርሳችሁት ታርፋላችሁ። ኮምጠጥ ያለው ክሬም ጣፋጩን ስለሚሰብረው ከሰባ ምግብ በኋላም ይበላል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቢቆይ መልኩ አይለወጥም። ስትገዙም የመክሸፍ ዕድሉ ትንሽ ነው።

አዲስ አበባ ሆኖ ለሚሞክር ሰው ችግሩ ስሜታና ነው። ወፍራም እርጎ በንጹሕ ጨርቅ አንጠልጥሎ ማሳደርና ከክሬም ጋር መምታት ይቻላል። ማሩ ግን ከዚያው ከአገር ቤት ነው፤ ጠቆር ያለው ይሻላል፣ ጣዕሙ ጎልቶ ይወጣል።

ስለ ሜዶቪክ የሚወራውን፣ የቀዳማዊ አሌክሳንደር ሚስት ማር አልወድም እያለች ሳታውቅ በልታ ወደደችው የሚለውን ታሪክ፣ ለጨዋታ ያህል ስሙት። ማስረጃ የለውም።

ናፖሌዎን

ፒያሳ ፓስቲ ቤት ሚሊፎኒ የበላ ሰው ናፖሌዎንን ያውቀዋል። ተሰባሪ ስስ ንብርብር፣ መሃሉ ካስተርድ። ልዩነቱ ሩሲያውያን ክሬሙን በዛ አድርገው አሳድረው ማለስለሳቸው ነው። ናፖሌዎን ቦናፓርት ከሩሲያ የተባረረበት 100ኛ ዓመት በ1912 ሲከበር፣ ሞስኮ ውስጥ በባርኔጣው ቅርጽ ባለሦስት ማዕዘን ሆኖ ቀረበ ይባላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ቤት የተሠራ ናፖሌዎን ከሁሉም ይበልጣል ብል ብዙ ሩሲያውያን ይስማሙኛል። የተገዛ ናፖሌዎን ግን ዕጣ ነው። ክሬሙ ከተቆጠበ ደረቅ ነው፣ ሲቆረጥ ጠረጴዛው ሁሉ ፍርፋሪ ይሆናል። በወተት ካስተርድ የሚሠራ መሆኑንም አስቡ፤ ሞቃት ክፍል ውስጥ ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ፦ የሚሠራላችሁ ሰው ካለ ሳታመነቱ። ከሌለ ወደ ሜዶቪክ ተመለሱ።

የወፍ ወተት (ፕቲችዬ ማላኮ)

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞስኮ አርባት ላይ ባለው "ፕራጋ" ምግብ ቤት፣ በቭላዲሚር ጉራልኒክ የሚመራ የጣፋጭ ሠሪዎች ቡድን ያወጣው ነው። መነሻው በዚሁ ስም የሚጠራ የፖላንድ ከረሜላ ነበር። በ1982 የፈጠራ ምስክር ወረቀት አገኘ፤ በሶቪየት ኅብረት ለቶርታ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። ለመግዛት የሚሰለፈው ሰው ብዛት አሁንም ይወራል። በደርግ ጊዜ እዚያ የተማሩ ሰዎች ቤታችሁ ካሉ ጠይቋቸው፣ አይናቸው ይበራል።

ሥሩ ስስ ኬክ ነው፣ ላዩ ስስ ቸኮሌት። መሃሉ ያለው ነጭ ለስላሳ ነገር ግን ሌላ ቶርታ ውስጥ የለም። እንቁላል ነጭ፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ ጣፋጭ የጣሳ ወተት፣ ከዚያ ደግሞ አጋር። አጋር ከባሕር አረም የሚገኝ ማርጊያ ነው። ከጄላቲን የሚለይበት ነገር እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፦ ጄላቲን በሞቃት ክፍል ይቀልጣል፣ አጋር ግን አንዴ ከረጋ ሙቀት ይችላል። ጄላቲን ከእንስሳ የሚወጣ መሆኑም አለ።

ቤት መሥራትን አልመክርም። የአጋሩ ሽሮፕ ከ100 ዲግሪ በላይ ይፈላል፣ እየተመታ ባለው እንቁላል ነጭ ላይ ቀጭን ሆኖ ይፈስሳል፣ ከዚያ ቅቤው ይገባል። ድብልቁ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መርጋት ይጀምራል። ስልክ ብታነሱ ሳህኑ ውስጥ ረግቶ ይጠብቃችኋል።

ስትገዙ አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ ከይዘቱ ዝርዝር ውስጥ አጋር አለ ወይስ ጄላቲን? ሻጩን ጠይቁ። ቅቤ ያለው ቢሆንም አፍ ላይ ስለሚቀል ከከባድ እራት በኋላ ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል።

ፕራጋና የኪየቭ ቶርታ

ፕራጋ ከዚያው ምግብ ቤት የወጣ የቸኮሌት ቶርታ ነው፤ ስሙ ከምግብ ቤቱ እንጂ ከከተማዋ አይደለም። ሦስት የቸኮሌት ኬክ፣ መሃሉ የካካዎ ክሬም፣ ላዩ ስስ የአፕሪኮት ማርማላታና ቸኮሌት። ልጆች ይወዱታል፣ መልኩም ለፎቶ ያምራል። ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ ማዮኔዝ በኋላ ይከብዳል። አንዳንድ ቤት ኬኩን በኮኛክ ሽሮፕ ያርሱታል፤ ሙስሊም እንግዳ ወይም ልጅ ካለ ይጠየቅ።

የኪየቭ ቶርታ በዚያው ፍሪጅ ውስጥ ይገኛል። ከደረቀ የእንቁላል ነጭ አረፋ፣ ከለውዝ ዓይነትና ከቅቤ ክሬም የሚሠራ፣ ከ1956 ጀምሮ ያለ የኪየቭ ሥራ ነው። ጥሩ ቶርታ ነው። ዩክሬናዊ ስለሆነ ግን "የሩሲያ ቶርታ" ብላችሁ አታቅርቡት፣ በተለይ በዚህ ጊዜ።

ሙራቬይኒክና ካርቶሽካ፦ ኪስ ሲሳሳ

ኦቨን የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ልደት ግን አለ። የዶርም ተማሪ መፍትሔው እነዚህ ሁለት ናቸው።

ለሙራቬይኒክ ዋናው ነገር የተቀቀለ የጣሳ ወተት ነው። ስጉሽዮንካ የሚባለው ጣፋጭ የጣሳ ወተት ሳይከፈት ውሃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሲቀቀል ወፍራም ቡናማ ካራሜል ይሆናል። ውሃው ጣሳውን ምንጊዜም ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። ከጎደለ ጣሳው ይፈነዳል፣ ትኩስ ካራሜል ኮርኒስ ድረስ ይረጫል፣ ሰውም ያቃጥላል። ሳይቀዘቅዝም አይከፈትም። ይሄን ሁሉ ጣጣ የማይፈልግ ተቀቅሎ የታሸገውን ይግዛ፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ካራሜሉ ለስላሳ ቅቤ ተጨምሮበት ይመታል፣ ከተሰባበረ ብስኩት ጋር ይደባለቃል፣ ሳህን ላይ ሾጠጥ ተደርጎ ይከመራል። ዋናው አሠራር ሊጡን በሥጋ መፍጫ አውጥቶ መጋገር ነው፤ የሱቅ ብስኩትም ግን ያው ሥራ ይሠራል። ላዩ ላይ የፖፒ ዘር ይነሰነሳል። ኤምሬትስ ያላችሁ በቸኮሌት ፍቅፋቂ ተኩት፣ የፖፒ ዘር እዚያ ክልክል ነው።

ካርቶሽካ ደግሞ የብስኩት ዱቄት፣ ቅቤ፣ የጣሳ ወተትና ካካዎ ተለውሶ በእጅ በድንች ቅርጽ የሚድበለበል ነው። ልጆች ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። በፍሬ ስለሚቆጠር ቢላዋም አያስፈልግ። ድክመቱ ሁለቱም በጣም ጣፋጭ መሆናቸው ነው፤ ትንሽ ትንሽ አቅርቡ።

ፍሪጅ የማይፈልጉት

እንግዳ ሆኖ ለሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ እዚህ ነው ያለው።

ፕሪያኒክ ቅመም ያለው የማር ዳቦ ነው። ታዋቂው የቱላ ነው፤ ከተማዋ ከሞስኮ በስተደቡብ ናት፣ የፕሪያኒኳም ስም ከ1685 ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። በተቀረጸ እንጨት ስለሚታተም ላዩ ላይ ጽሑፍና ሥዕል ይወጣል፣ መሃሉ ማርማላታ አለው። "መልካም ልደት" የሚል የታተመበትም ይሸጣል። ሳምንታት ይቆያል።

ዜፊር ከተፈጨ ፖም፣ ከእንቁላል ነጭ፣ ከስኳርና ከአጋር ወይም ከፔክቲን (ከፍራፍሬ የሚወጣ ማርጊያ) የሚሠራ ቀላል ጣፋጭ ነው። ቅቤም ወተትም የለውም። ኮሸር ለሚጠብቅ ቤት፣ የኮሸር ማኅተሙ እስካለበት ድረስ፣ ከሥጋ በኋላ ይቀርባል። ለጾም ግን አይሆንም፣ እንቁላል አለበት። ለጾም የሚሆኑት የፍራፍሬ ማርማላድ የሚባለው የረጋ ከረሜላ (በፔክቲን ወይም በአጋር የተሠራው)፣ የሱፍ ሐላዋና ኮዚናኪ የሚባለው የሱፍ ፍሬ በስኳር ናቸው።

ከረሜላ በኪሎ ደግሞ ለክፍል ልጆች የተፈጠረ ነው። እያንዳንዱ የተጠቀለለ ስለሆነ አስተማሪዋ አትቸገርም። አንድ ኪሎ 70 ፍሬ ገደማ ይወጣዋል፣ ለ25 ልጆች ይበቃል። ድቦች ያሉበትን ወረቀት ታዩታላችሁ፤ ሥዕሉ የሩሲያው ሠዓሊ ሺሽኪን በ1889 ከሠራው የጫካ ሥዕል የተወሰደ ነው። ከአዋቂዎች ከረሜላ መካከል ሊከር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ) ያለባቸው አሉ፣ ለልጆች ስትመርጡ ለዩ።

ባጭሩ ሲነጻጸሩ

| ጣፋጩ | ድካሙ ቤት ከተሠራ | ወጪ | ገበታ ላይ መቆየት | የሚታይ ነገር |
|---|---|---|---|---|
| ሜዶቪክ | ከባድ፣ ማደር አለበት | መካከለኛ | ጥሩ | ወተት፣ እንቁላል |
| ናፖሌዎን | በጣም ከባድ | መካከለኛ | ደካማ | የተገዛው ይደርቃል |
| የወፍ ወተት | አይመከርም | ከፍ ያለ | አጋር ከሆነ ጥሩ | ጄላቲን |
| ፕራጋ | ከባድ | ከፍ ያለ | መካከለኛ | ኮኛክ |
| ሙራቬይኒክ | ቀላል | ዝቅተኛ | ጥሩ | በጣም ጣፋጭ |
| ካርቶሽካ | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ | መካከለኛ | በፍሬ ይቆጠራል |
| ፕሪያኒክ | ይገዛል | ዝቅተኛ | ሳምንታት | ለሻይ እንጂ ለሻማ አይሆንም |
| ዜፊር | ይገዛል | መካከለኛ | ሳምንታት | ወተት የለውም፣ እንቁላል አለ |
| ከረሜላ በኪሎ | ይገዛል | እንደ ዓይነቱ | ወራት | ሙቀት፣ ሊከር |

ታዲያ የቱን?

*ልደቱ የእናንተ ሆኖ ለቢሮ ከሆነ፦* ሜዶቪክ። ለ8 ሰው አንድ ኪሎ ብላችሁ አስሉ። ሰው ከበዛ ሁለተኛ ቶርታ ከመጨመር ግማሽ ኪሎ ከረሜላ ማከል ይረክሳል። ጾመኛ እንዳይቀር አንድ ፓኮ ማርማላድ ጎኑ ይቀመጥ።

*ተጋብዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፦* ዜፊር ወይም ፕሪያኒክ፣ ከጎዶሎ አበባ ጋር። ቤተሰቡን በደንብ የምታውቁ ከሆነና ቶርታ አምጡ ከተባላችሁ የወፍ ወተት፣ በዚያው ቀን ተገዝቶ።

*የልጅ ልደት ቤት ከሆነ፦* ሻማ የሚቆምበት ፕራጋ፣ ከጎኑ ልጆቹ ራሳቸው የሠሩት ካርቶሽካ። ፕራጋው በኮኛክ አለመራሱን አረጋግጡ።

*አማት ልታዘጋጅ ከሆነ፦* ናፖሌዎን ትሥራ። እናንተ አበባውን ያዙ።

*በ1,000 ብርም በ1,000 ሩብልም የማይሞላ ኪስ ካለ፦* ሙራቬይኒክ። ብስኩቱ ርካሽ ይሁን፣ ቅቤው ላይ ግን አትቆጥቡ፤ ማርጋሪን ከገባበት ምላስ ላይ ይለያል።

*ወደ አዲስ አበባ ይዛችሁ የምትመለሱ ከሆነ፦* ፕሪያኒክ ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ አይሰበርም። ዜፊር በቀላሉ ይጨፈለቃልና በእጅ ሻንጣ ከላይ ይቀመጥ። ክሬም ያለውን ቶርታ ግን ተዉት፣ እዚያው ብሉት።